ሊቀ ንጽጽር ዘሰበታ

መብራት ሲጠፋ ትራንስፎርመሩ የት ጋ እንደተቃጠለ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር ይኖር ይሆናል። ሳይጠራ በየድግሱ የሚገኝ ዘመድ የሌለበት ቤተሰብም ተፈልጎ ቢገኝ አይገርምም። አወዳዳሪ የሌለበት ሰፈር ግን የለም። አለ ብሎ የሚከራከር ካለ፣ አወዳዳሪው ራሱ መሆን አለበት።

አወዳዳሪ ማለት አንድን ነገር ለብቻው ማየት የማይሆንለት ፍጡር ነው። ሻይ ብታቀርቡለት ትናንት ሌላ ቤት የጠጣውን ሻይ ያነሳል። ለቅሶ ቤት ሲገባ ድንኳኑን ባለፈው ወር ከተተከለው ድንኳን ጋር ያስተያያል፤ ንፍሮውም አይቀርለትም። አራስ ሊጠይቅ ሲመጣ ሕፃኑን ትኩር ብሎ ያይና «ከታላቁ ጋር ሲነጻጸር...» ብሎ ይጀምራል። ታላቁ በር ላይ ቆሞ ይሰማል።

የሰበታው አወዳዳሪ ግን ከሁሉም ይልቃል። ሌሎቹ የሚያወዳድሩት ፈጣሪ በሰጣቸው ጠባይ ብቻ ነው፤ ክቡር መምህር ፍቅረሥላሴ ግን ለዚሁ ጉዳይ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ፣ ሁለተኛ ዲግሪ፣ በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር።

ዜናው የተሰማ ዕለት ባለሱቋ ራቢአ ሚዛኗን ይዛ እስኪያስነባት ሳቀች። «ለዚህ ደግሞ ትምህርት ቤት አለው? እሱው ሄዶ ቢያስተምራቸው አይሻልም?» አለች። «ሊቀ ንጽጽር» የሚለውን ማዕረግ የሰጠችውም ያን ቀን ነው። ማዕረጉ የቤተ ክህነት ይመስላል፤ ሰጪዋ ግን ሶላቷን የማታስተጓጉል፣ የነጋዴ ልጅ፣ የነጋዴ ሚስት፣ እሷም ነጋዴ ናት። ሰፈሩ ሹመቱን ያለ ክርክር አጸደቀው።

ፍቅረሥላሴ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። የሚኖረው ከራቢአ ሱቅ ጀርባ፣ በእትዬ ማሪቱ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል ነው። እናቱ በአማርኛ እየመከረችው፣ አባቱ በኦሮምኛ እየተቆጣው ስላደገ በሁለቱም ያነባል፣ በሁለቱም ይከራከራል፣ በሁለቱም አይወስንም።

ራቢአ ዘንድ ሳሙና ሊገዛ ሲመጣ ሁለት ዓይነት ያስወርዳል። አንዱን ያሸታል፤ ሌላውን ያሸታል። «በአንድ በኩል ሲታይ ይኼኛው ሽታው ረጋ ያለ ነው፤ በሌላ በኩል ግን ያኛው ሲይዙት ይከብዳል...» እያለ ይቀጥላል። ከኋላው ዘይት የሚፈልግ፣ ካርድ የሚፈልግ፣ ዳይፐር የሚፈልግ ይደረደራል። ራቢአ «ኧረ አንዱን አንሳና ሂድልኝ!» ስትለው ጣቱን ቀስሮ የታወቀችውን ቃሉን ይላታል፦ «የሚንሃ እናት፣ ነገር ለብቻው አይታይም!» በመጨረሻ ክብሪት ገዝቶ ይሄዳል።

ይህ ጠባይ ዋጋ አስከፍሎታል። ሔለን የምትባል የፋርማሲ ሠራተኛ ነበረች፤ ጨዋ፣ ሳቂታ፣ እሱን በትዕግሥት ለመስማት የቆረጠች። አንድ ቀን «ትወደኛለህ?» ብላ ጠየቀችው። ይህ ጥያቄ አጭር መልስ ካላቸው የዓለም ጥያቄዎች አንዱ ነው። ሊቀ ንጽጽር ግን አሰብ አደረገና «ከምን አንጻር?» አላት። ሔለን ዛሬ ሌላ ሰው አግብታ ጫንጮ ከተማ ትኖራለች።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የሰፈር ሰዎች ለአንድ ጎረምሳ ሚስት ሊጠይቁ ቡራዩ ሲሄዱ፣ የተማረ ሰው ይኑርበት ተብሎ እሱም ተጨመረ። የልጅቱ አባት እንግዶቹን በወጉ ተቀበሉና «ለመሆኑ የልጁ ጠባይ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ፍቅረሥላሴ «ጥሩ ነው» አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ዛሬ ይህን አናወራም ነበር። «እርግጥ ከታናሽ ወንድሙ ጋር ስናስተያየው...» ብሎ ቀጠለ። ሽማግሌዎቹን በአንድ ጊዜ ሳል ያዛቸው።

ነገሩን ያዳኑት የእድሩ ሊቀመንበር ኦቦ ሌንጮ ናቸው። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉና «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ይቅር በሉን» አሉ። ኦቦ ሌንጮ ሽምግልና ሲጀምሩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ጥፋት ያምናሉ፣ ጥፋቱ ምን እንደሆነ በኋላ ይጠይቃሉ። በዚህ ዘዴ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ያላስታረቁት ባልና ሚስት፣ ያላስማሙት አጥር የለም። የቡራዩዋም ልጅ ተሰጠች፤ ፍቅረሥላሴ ግን ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና ተጠርቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንምጣ። ለመመረቂያ ጽሑፉ የመረጣቸው ሁለት ልቦለዶች ናቸው፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ የተጻፈ። ሁለቱም ከተማ እየሰፋ መጥቶ መሬታቸው ላይ ስለደረሰባቸው ወንድማማቾች ይተርካሉ። በአማርኛው ታናሽየው ድርሻውን ይሸጣል። ታላቁ ይኮርፋል፤ እስከ ዕለተ ሞቱ አንዲት ቃል አይተነፍስለትም፤ ግን በየምሽቱ ተደብቆ የታናሹን በር ይጠብቃል። በኦሮምኛው ደግሞ የሸጠው ታናሽ ራቅ ወዳለ አገር ሄዶ፣ ከስሮ ይመለስና፣ በገዛ መሬቱ ላይ በተሠራ ፎቅ አንዲት ክፍል ይከራያል። ጧት መስኮቱን ሲከፍት ወንድሙ ያልሸጠውን ማሳ ያያል።

ፍቅረሥላሴ እነዚህን ሁለት ሰዎች ሰፈሩ ውስጥ አስገባቸው። ሳሙና እያሸተተ ስለ እነሱ ያወራል። ዳቦ ሲገዛ ያወራል። ሲውል ሲያድር ሰዉ ሁሉ አንደኛውን «ኩርፊተኛው»፣ ሌላውን «ተከራዩ» ብሎ ስም አወጣላቸው። እትዬ ማሪቱማ አንድ ቀን ጆሮ ጣል አድርገው ሰሙና «ያ ተከራይ የምትሉት ልጅ ለምን እኔ ዘንድ አይመጣም? የማዕዘኗ ክፍል እኮ ባዶ ናት» አሉ። መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሰው መሆኑ ሲነገራቸው አዘኑ፤ ክፍሏን ለሌላ ሰው ለማከራየትም ጥቂት ቀን ወሰደባቸው።

ራቢአ እንዳይታወቅባት ትጥራለች እንጂ እሷም ተይዛለች። ስኳር እየመዘነች «እና ታዲያ ዛሬም አላናገረውም?» ትላለች። «አላናገረውም» ይላታል። «ምን ዓይነት ደረቅ ነው!» ትልና የስኳሩን ፌስታል ጥብቅ አድርጋ ታስረዋለች።

መከራው የጀመረው ሊቀ ንጽጽር ደራሲዎቹን ሊያነጋግር የሄደ ጊዜ ነው። የኦሮምኛውን የጻፉት አዛውንት ሱሉልታ ይኖራሉ፤ የአማርኛውን የጻፉት ደግሞ ቡራዩ። ሱሉልታ በዚያ ብርድ ደርሶ፣ አዛውንቱን አመስግኖ፣ «የአማርኛውን ልቦለድ አንብበውታል?» ብሎ ጠየቀ። «የቱን?» አሉት። በሌላ ሳምንት ቡራዩ ሄደና ሁለተኛውን ደራሲ «የኦሮምኛውንስ?» አላቸው። «የቱን?» አሉት እሳቸውም። አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ማንበቡ ይቅርና ሌላው ሰው መኖሩንም አያውቅም።

ያን ቀን ሱቁ ጋ ሲመጣ ምንም አላስወረደም። «አንዱ ከአንዱ አልወሰደም፤ አይተዋወቁምም» አላት።

«እና ምን ያስከፋሃል? ሌብነት የለም ማለት አይደል?»

«የሚንሃ እናት፣ ታዲያ ለምን አወዳደርካቸው ብለው ቢጠይቁኝ ምን እመልሳለሁ?»

ራቢአ ቀና ብላ አየችው። ይህን ሰው ፈርቶ አይታው አታውቅም ነበር።

የፈራው ደግሞ በምክንያት ነው። ጓደኞቹ ተመርቀው ካበቁ ቆይተዋል። የእሱ ምዕራፎች ሁሉ ተጽፈዋል፤ ያልተጻፈው ማጠቃለያው ነው። ማጠቃለያ መጻፍ መወሰን ነውና እጁ አልታዘዝ አለው። በግድ የጻፈውም «ሁለቱም ሥራዎች የየራሳቸው ጥንካሬ አላቸው» ይላል። አማካሪው አነበቡና «እሺ፣ እና ምን አገኘህ?» ብለው መለሱለት። የትምህርት ክፍሉም የመጨረሻውን ቃል ነገረው፤ ከእንግዲህ ማራዘሚያ የለም፣ በዚህ ዙር ቀርቦ ካላለፈ ከተማሪነት ይሰረዛል። እነዚያ ሁሉ ቅዳሜና እሑዶች ውኃ በላቸው ማለት ነው።

ራቢአ ይህን ከሰማች በኋላ ጨው ለጠየቃት ሰው ስኳር መስጠት ጀመረች። ምን አገባኝ አለች ለራሷ። የሥጋ ዘመዷ አይደለ፣ ደህና ደንበኛ እንኳ አይደለ። ቢሆንም ለኦቦ ሌንጮ ነገረቻቸው።

«ማነው የሚጠይቀው?» አሉ ኦቦ ሌንጮ።

«ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ፈታኝ አለ አሉ። እሱ ያጠቃል፣ ልጁ ይከላከላል። የሚፈርዱ ሌሎች ይቀመጣሉ። ማንም መጥቶ ማየት ይችላል።»

ኦቦ ሌንጮ ጢማቸውን ዳሰሱ። ከሳሽ ካለ፣ ዳኛ ካለ፣ ልጁ ብቻውን መሄድ የለበትም። «ሰው የሌለው አይምሰላቸው» አሉና ለእድሩ ሰዎች ተናገሩ።

በቀጠሮው ጧት አንድ ሚኒባስ ሙሉ የሰበታ ሰው ተነሳ። ኦቦ ሌንጮ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። እትዬ ማሪቱ ቆሎና ለስላሳ አስጭነዋል። ከዒድ በስተቀር ዘግታ የማታውቀው ራቢአ ሱቋን በሥራ ቀን ቆልፋ፣ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። ፍቅረሥላሴ አዳራሹ በር ላይ ሲያያቸው ክው አለ። «አካም ቡልተን፣ ኦቦ ሌንጮ» ማለት ብቻ ቻለ። ጎንበስ ብሎም ሳማቸው።

አጀማመሩ ደህና ነበር። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ የጠራ፤ ስለ ትረካ አንጻር፣ ስለ መቼት፣ ስለ ገጸ ባሕርያት አሳሳል ተናገረ። የሰበታ ሰዎች የሚናገረው ግማሹ ባይገባቸውም «ኩርፊተኛው» መጣ ሲባል በአንድነት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቀጥሎ ተራው የውጭ ፈታኟ ሆነ። ዶክተር ድንቅቱ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ የጽሑፉን ጠርዝ በቀይ እስኪሪብቶ የሞሉ ሴት።

«ደራሲዎቹ እንደማይተዋወቁ አንተው ጽፈሃል» አሉት። «አንዱ ከሌላው አልተማረም። ታዲያ ለምን ጎን ለጎን አስቀመጥካቸው?»

«በአንድ በኩል ሲታይ...» አለ ፍቅረሥላሴ። ራቢአ ዓይኗን ጨፈነች። ስለ ጭብጥ ተናገረ። «በሌላ በኩል ግን...» አለ፤ ስለ ቅርጽ ተናገረ።

«ሁለቱንም በኩል አየሁ» አሉ ዶክተር ድንቅቱ። «አንተ የቆምከው በየት በኩል ነው? ለዚህ መልስ ከሌለህ ይህ ጽሑፍ ሁለት መጻሕፍትን አንብቤያለሁ ከማለት አያልፍም።»

ፍቅረሥላሴ የጽሑፉን ገጾች ወደ ፊት ወደ ኋላ ገለበጠ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ከዘራ ወለሉን ሲመታ ተሰማ።

«ዲፋማ፣ ዶክተር፤ ይቅርታ» አሉ ኦቦ ሌንጮ ቆመው። «እኛ የእድሩ ሰዎች ነን፣ ከሰበታ። ልጃችን አጥፍቷል።»

«አባባ፣ ታዳሚ መናገር አይፈቀድለትም» አሉ ሰብሳቢው።

«አንድ ቃል ብቻ ነው ጌታዬ። ጥፋቱን አምነናል። ምን እንደሆነ ለጊዜው አላወቅንም፤ ግን አምነናል። እርስዎም ልብዎን ያራሩ፣ እሱም ይቅርታ ይጠይቅ፣ ተጨባብጣችሁ እንለያይ።»

ፍቅረሥላሴ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ራቢአ ከፈታኞቹ አንዱ ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ሲጽፍ አየችና አለቀለት አለች በልቧ። ተከሳሽ ፊት ቆሞ ተጨንቆ ሳለ የራሱ ወገኖች ጥፋተኛ ነው ብለው መመስከራቸው በየትኛው አገር ታይቶ ነው!

ዶክተር ድንቅቱ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። «አባቴ፣ ምን እንደጻፈ ያውቃሉ?» አሏቸው።

«እንዴታ! ስለ ኩርፊተኛውና ስለ ተከራዩ ነው። እኔን ከጠየቁኝ ኩርፊተኛው እውነት አለው። የአባት መሬት ሲሸጥ ያልኮረፈ ምኑን ወንድም ነው?»

«ምን እውነት አለው?» አሉ እትዬ ማሪቱ ከተቀመጡበት። «በሌሊት ቆሞ በር ከሚጠብቅ በቀን ገብቶ ደህና ነህ ወይ ቢለው ምን ነበረበት? የተጎዳውስ ተከራዩ። በገዛ መሬቱ ኪራይ የሚከፍል!»

«እሱ ሸጦ በልቶ!»

ራቢአ ሁለቱን ዝም ልታሰኝ ብድግ አለች፤ እውነት ለዚያ ነበር የተነሳችው። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «ሁለቱም ታላቆች ናቸው ጥፋተኞቹ! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ቢያንኳኩ ምን ይጎድልባቸው ነበር?» አለች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ሲያያት አፍራ ተቀመጠች።

«መጻሕፍቱን አንብባችኋቸዋል?» አሉ ዶክተር ድንቅቱ።

«ኧረ እኛ የት አንብበን» አለች ራቢአ። «እሱ ነው የነገረን። ሳሙና እየመረጠ።»

ዶክተር ድንቅቱ እስኪሪብቷቸውን አስቀመጡና ወደ ተፈታኙ ዞሩ። «ጥያቄዬን አላነሳሁም» አሉት።

ፍቅረሥላሴ የሰበታ ሰዎችን አያቸው። ኦቦ ሌንጮ ገና እንደቆሙ ናቸው፤ እትዬ ማሪቱ ገና እንደተቆጡ።

«የአማርኛውን የሚተርከው ታላቁ ነው» አለ በመጨረሻ። «ታናሹ ለምን እንደሸጠ አያውቅም፤ እስኪሞት ያንን ይጠይቃል፤ መጽሐፉም አይመልስለትም። የኦሮምኛውን የሚተርከው ታናሹ ነው። በመስኮት እያየ ወንድሜ ለምን አይመጣም ይላል፤ እሱም ሳያውቅ ያልቃል። ታናሹ ለምን እንደሸጠ የተጻፈው ኦሮምኛው ውስጥ ነው። ታላቁ ለምን እንዳልመጣ የተጻፈው አማርኛው ውስጥ ነው። ደራሲዎቹ አይተዋወቁም፤ ግን የአንዱ ጥያቄ መልስ ሌላው ዘንድ ተቀምጧል። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ግማሽ ጠብ ነው የሰማው። እኔ እስከ ዛሬ የትኛው ይበልጣል እያልኩ ስመዝናቸው ኖርኩ። መመዘን አልነበረብኝም፤ ማገናኘት ነበረብኝ። ማጠቃለያዬ ይኼ ነው። እዚያ ወረቀት ላይ የለም።»

«የለም» አሉ ዶክተር ድንቅቱ። «አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ለአንድ ተማሪ መጀመሪያ የትኛውን ትሰጠዋለህ?»

ራቢአ እጆቿን አጥብቃ ያዘች። ከምን አንጻር ሊል ነው፣ ያ ረቢ፣ ከምን አንጻር ሊል ነው።

«የአማርኛውን» አለ ፍቅረሥላሴ። «ኩርፊተኛው ያናድዳል። የተናደደ አንባቢ ደግሞ ሁለተኛውን ሳያገኝ አይተኛም።»

በሰበታ የሚያውቀው ሰው ሁሉ እዚያ ነበርና ይመሰክራል፤ ያለ «በሌላ በኩል» ተናግሮ ዝም አለ። ራቢአ ያን ጊዜ ዓይኗ እንባ ሞላ። ይህን አሰልቺ፣ ሱቅ ዘጊ፣ ሳሙና አሽታች ሰው እንደ ታናሽ ወንድሟ እንደምትወደው ገባት፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

ሁሉም ውጭ እንዲጠብቁ ተደረገ። ቆሎው ተበላ፤ ማን እንደበላው አይታወቅም፣ ሁሉም ግን ያኝክ ነበር። ተጠርተው ሲገቡ ሰብሳቢው ቆመው አነበቡ፤ ማጠቃለያውን እንደገና ጽፎ እንዲያስገባ ታዞ፣ አልፏል። እልልታው ኮሪደሩን ሞላው። ኦቦ ሌንጮ ግን አልረኩም። ሥራ ሥራ ነው፤ ዶክተር ድንቅቱንና ፍቅረሥላሴን አጠገብ ለአጠገብ አቁመው ካላጨባበጡ አንወጣም አሉ። ተጨባበጡ። «አያችሁ፣ ክፉ ሰው አይደሉም» አሉ ኦቦ ሌንጮ ወደ ሚኒባሱ ሲመለሱ።

መንገዱን ሙሉ ጭቅጭቅ ነበር። ኦቦ ሌንጮ ኩርፊተኛው ስለተመረጠ እንደ ግል ድል ቆጠሩት። እትዬ ማሪቱ ተመራቂውን ኮንነው፣ ወዲያው መልሰው ለስላሳ ሰጡት። ዓለም ገና ከተማ ሲደርሱ ባጃጆቹ መንገድ ዘጉና ሚኒባሱ ቆመ። ራቢአ እስካሁን እንኳን ደስ አለህ እንኳ አላለችውም ነበር። ዞር አለች።

«አንተ፣ ነገ የኦሮምኛውን አምጣልኝ።»

«የኦሮምኛውን? በቁቤ ነው እኮ የተጻፈው፤ ታነቢያለሽ እንዴ?»

«ሚንሃ ታነብልኛለች፤ እኔ እሰማለሁ። በኩርፊተኛው ስናደድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንዳልከው ሁለተኛው ይገባኛል። ደግሞ ያ ተከራይ መስኮቱን ከፍቶ ወንድሙን ይጥራው አይጥራው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንተ እዚያ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ደንበኛ ይመጣብሃል።»

ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት ሁሉ እርስ በርስ ተያዩ። ለካ ማንም አያውቅም። ፍቅረሥላሴ ወደ ፊት ጠጋ አለ፤ ፊቱ በራ።

«ልንገርሽ?»

«አትንገረኝ!» አለች ራቢአ፣ ሁለት ጆሮዎቿን ይዛ። «አምጣልኝ ነው ያልኩህ።»